ስድስተኛዋ ከረጢት

ነሐሴ ነው ፒያሳ፤ ቆርቆሮው ያወራል፣
ሰዓት የሚያሠራ በዝናብ መች ይመጣል?
ማጉያዬን አውልቄ፣ ሱቄን ለጎረቤት
አደራ ብዬ ገባሁ፣ አስረበብ ሻይ ቤት።

ሃያ ዓመት አንድ ሻይ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣
ቀረፋና ቅርንፉድ፣ አንድ የስኳር ማንኪያ፤
ጨምሪበት ቢሏት፣ «ስኳሩ ተወዷል»፣
ቀንሽበት ቢሏት፣ «ምኑን ሻይ ይሆናል?»

ዛሬ ግን ጠረጴዛው ላይ
አንድ ካርቶን አለ፣ ከወትሮው የሚለይ፤
ከመተማ መንገድ የጭነት ረዳቱ፣ ደስታው፣
የሦስት ወር የዱቤ ሻይ ሊያቻችል ያመጣው፣
ጭልጋ ላይ ሲያድር ዶፍ ያገኘው፣
ጽሑፉ ተልጦ ሥዕሉ የደበዘዘው።
በውስጡ ስድስት ከረጢት፣ ስድስት ዓይነት ቀለም፣
የትኛው የምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አስረበብ አንዷን በክሯ አንጠልጥላ አየቻት፤
«ሻይ ናት ወይስ ክታብ? ደብተራ ነው የሰፋት?
ውኃ ውስጥ ከምነክራት
ባንገቴ ባስራት!»
ሳቅን። ውኃው ፈላ። ክሩን ለቀቅን።
ቅጠሉ እንደታሰረ፣ ቀለሙ ብቻውን
ሲያመልጥ አየን።

የመጀመሪያዋ ሎሚ፤ ሕፃን እንኳ ያውቃታል።
ሁለተኛዋን ጓንጉል፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ሦስቴ አሽትቷል፤
«ዝንጅብል!» አለ፤ ማስነጠሱ መሰከረለት።
ሦስተኛዋ ጽጌረዳ፣ የሙሽራ ቤት ሽቶ ያለበት፤
አስረበብ ተፋቻት፤ «ይህን የሚቀቡት እንጂ
ማን ይጠጣዋል፣ ወዳጄ?»
አራተኛዋ ባፍንጫ ብዙ ቃል ገብታ
ምላስ ላይ ስትደርስ ሙቅ ውኃ ሆነች፣ ባዶ ሰላምታ።
«አውቃታለሁ» አለ ጓንጉል፣ «እንዲህ ያለ አለቃ ነበረኝ፤
ሠላሳ ዓመት ጭማሪ እያስሸተተ ያኖረኝ።»
አምስተኛዋ ናና። ድሮ ገዳሪፍ ነው የጠጣት፣
ከአንድ ሴት እጅ። ስሟን ብንጠይቀው፣ ሳቀና ዋጣት።

ስድስተኛዋ ቀረች።
አንድ ብርጭቆ ለሦስት አፍ። አስረበብ ቀደመች፤
ቀመሰች፤
አስቀመጠች፤
ደግማ አነሳች።
«ኮክ ነው» አለች።
ቆይታ፣ ወደ ዝናቡ እያየች፣
«ቀሃ ዳር፣ ከግቢያችን፣ አንዲት ዛፍ ነበረች፤
ክረምት ሲገባ ፍሬዋን ሰፈሩ ሲለቅም፣
አባቴ ‹ይብሉ› ይላል፤ እሱ ግን አይቀምስም፤
ለምን እንደማይቀምስ እስከዛሬ አላውቅም።
ውርስ ስንካፈል መሬቱ ለወንዶቹ፣ ዛፏ ለእኔ ደረሰች፤
ዛፍ ያለ መሬት የት ትቆማለች?
ቆረጥኳት። አናጢው ‹ለአልጋ አትበቃም፣ ቀጭን ናት› አለኝ፤
ያ የተቀመጥክበት ዱካ ብቻ ተረፈኝ።»

እኔን፣ እውነቱን ልናገር፣
ሳሙና ሳሙና ነበር ያለኝ፤
ሳሙና በር ተወልጄ
ሳሙና እንዴት ይጠፋኛል?
ጓንጉል አየኝ። አየሁት።
«ኮክ ነው» አለ።
«ኮክ ነው» አልኩ። ዋጥኩት።

ያቺን ከረጢት አልጣለቻትም፤ ጨምቃ፣ በክሯ
ሚስማር ላይ ሰቀለቻት፣ ከፍ ብላ ከዱቤ ደብተሯ፣
እንደዚያው፣ እንደ ክታብ። «ነገም ትነከራለች» አለች፤
የደስታውን ዕዳ በእርሳስ ሰረዘች።
ሒሳብ ብንላት፣ «ለቅምሻ አይከፈልም፤
የውኃውን አምጡ፤ ከሰል በነፃ አይነድም።»

ዝናቡ አባራ። ጓንጉል ወጣ። ጎንበስ አልኩ፣
ዱካውን፣ ማንም ሳያየኝ፣ አሸተትኩ።
የከሰል ጠረን፣ አሮጌ እንጨት፣
የብዙ ሰው ሱሪ። ሌላ ምንም የለበት።
ነገ ስመጣ ግን
ቀስ ብዬ ነው የምቀመጥበት።